በ1958 ዴንቨር ምን አጠፋች?

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ በኖቬምበር 2024 ለዓመታት ዝግ የነበረ በር ከፈተ። በካናዳ ትልልቅ የጁኒየር (የወጣቶች) ሊጎች የተጫወተ ልጅ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ለአሜሪካ ኮሌጅ አይስ ሆኪ መጫወት ይችላል ተባለ። ቀደም ሲል እነዚህ ልጆች እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠሩ ነበር። ውሳኔው እንደተሰማ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ "የእኛ ልጆች ቦታ ሊያጡ ነው" ብሎ ማማረር ጀመረ።

ምሬቱ አዲስ አይደለም። የ1957/58 የውድድር ዘመን ሲያልቅ ይኸው ክርክር አንድ ሙሉ ሊግ አፍርሷል።

ያኔ ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ሊግ ይወዳደሩ ነበር፦ ሚኒሶታ፣ ሚሺጋን፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ሚሺጋን ቴክ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ ኮሎራዶ ኮሌጅና ዴንቨር። የአገር አቀፉ ሻምፒዮና ከ1948 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ ሲካሄድ ቆይቶ፣ በማርች 1958 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሚኒያፖሊስ መጣ። ሜዳው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ግን እንግዶቹ ናቸው። ዴንቨር ሰሜን ዳኮታን 6 ለ 2 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። (ሚኒያፖሊስም ዴንቨርም ዛሬ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ብርዱን የቀመሰ ሆኪ እዚያ ለምን እንደሚወደድ አይጠይቅም።)

የዴንቨር አሰልጣኝ መሬይ አርምስትሮንግ ካናዳዊ ነው። ወደ ኮሌጁ የመጣው በ1956 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሬጃይና ጁኒየር ቡድን አሰልጣኝ ነበር። ተጫዋቾቹንም በአብዛኛው ከዚያው ከካናዳ አመጣ። ልጆቹ ለምን እሺ አሉ? የፕሮፌሽናሉ ሊግ ያኔ ስድስት ክለቦች ብቻ ነበሩት። በካናዳ በየከተማው ጎበዝ ተጫዋች ሞልቷል፣ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ጁኒየር ሊጉን በ20 ዓመቱ የጨረሰና ክለብ ያላገኘ ወጣት፣ ነፃ ትምህርትና አራት ዓመት ጨዋታ ሲቀርብለት ምን ብሎ እምቢ ይላል?

በዚህ የተቆጣው የሚኒሶታው አሰልጣኝ ጆን ማሪዩቺ ነበር። ማሪዩቺ ኤቭሌት በምትባል የሚኒሶታ የብረት ማዕድን ከተማ የተወለደ፣ ለቺካጎ ብላክ ሆክስ የተጫወተ ጠንካራ ሰው ነው። ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ የአካባቢው ልጆች በዕድሜም በልምድም ከሚበልጧቸው ካናዳውያን ጋር መጋጠማቸው አናደደው። ሚኒሶታና ሦስቱ የሚሺጋን ኮሌጆች ከሊጉ ወጡ። ሊጉ ፈረሰ። በ1959 አዲስ ማኅበር ሲቋቋም እያንዳንዱ ኮሌጅ የሚገጥመውን ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ። ሚኒሶታም ለብዙ ዓመታት በመደበኛው ውድድር ዴንቨርን አልገጠመም። ኩርፊያው እስከዚህ ድረስ ነው።

እኔ ለማሪዩቺ ግማሽ ፍርድ እሰጠዋለሁ። ዕድሜን በተመለከተ እውነት አለው። የ18 ዓመት ልጅን ከ22 ዓመት ጎልማሳ ጋር ግጭት ባለበት ጨዋታ ማጋጠም ፍትሐዊ አይደለም። በአገራችን የታዳጊዎች እግር ኳስ "የዕድሜ ጉዳይ" ሲባል የሰለቸው አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ ዴንቨር ማንንም አለማጭበርበሩ ነው። ደንቡ ይፈቅዳል፣ እሱም ተጠቀመበት።

የዜግነቱ ክስ ግን አይዋጥልኝም። ከሊጉ አኩርፎ የወጣውን ሚሺጋንን ተመልከቱ። በ1948 እና በ1956 መካከል ስድስት ዋንጫ የሰበሰበው በማን ነው? አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ካናዳውያን ነበሩ። ካናዳዊ ሚሺጋን ሲገባ ተማሪ፣ ዴንቨር ሲገባ ቅጥረኛ ይሆናል እንዴ?

ደግሞስ ኩርፊያው ምን አመጣ? ዴንቨር በ1960 እና በ1961 ዋንጫውን ደገመ፤ በ1961ዱ ፍጻሜ ሴንት ሎውረንስን 12 ለ 2 አፈራርሶታል። ሚኒሶታን የለወጠው ማሪዩቺ በጎን ሲወተውተው የነበረው ሌላ ሥራ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሆኪ እንዲስፋፋ፣ የበረዶ ሜዳ እንዲሠራ፣ ልጆች በትንሽነታቸው እንዲጀምሩ ሲገፋ ኖረ። ፍሬው ዘግይቶ ነው የታየው። በዚያ በ1957/58 በማሪዩቺ ሥር ይጫወት የነበረው ኸርብ ብሩክስ፣ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ በ1974 ለሚኒሶታ የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ። ቡድኑ ከሞላ ጎደል የግዛቱ ልጆች ነበሩ። በ1980 ኦሊምፒክ ሶቪየት ኅብረትን አሸንፎ ወርቅ የወሰደውን የአሜሪካ ቡድን ያሠለጠነውም እሱ ነው። ከ20ዎቹ ተጫዋቾች 12ቱ ሚኒሶታውያን ናቸው። እነዚህን ልጆች በር መዝጋት አላወጣቸውም።

ስለዚህ ዛሬ በአዲሱ ደንብ የተከፉ አሰልጣኞች የሚጠይቁትን ቢለዩ ይሻላል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ዕድሜው ስንት ይሁን ብለው ቢከራከሩ አብሬያቸው ነኝ። ልጁ የመጣው ከሬጃይና ነው ከኤቭሌት የሚለውን ግን ይተዉት። ይልቅ የመጫወቻ ዕቃው እንዲህ ውድ፣ የሜዳ ኪራዩ እንዲህ የማይቀመስ ሆኖ ስንት የሰፈር ልጅ ገና ሳይጀምር እንደሚቀር ይቁጠሩ። ለዚያ ተጠያቂው ካናዳዊ አይደለም።