ክብር ለመስኮት ዘበኞች

ሰሞኑን ወደ ጎጃም በሚሄድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጎረምሳ መስኮቱን ጣት የምታሾልክ ያህል ከፈት ቢያደርግ፣ ከኋላ አምስት ድምፅ ባንዴ ተነሣ፦ «ኧረ መስኮቱን!» ልጁ ዘጋ። አገር ዳነች።

እነዚህን ዘበኞች የሚያመሰግን አለመገኘቱ ይገርማል። ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ ተከናንበው፣ ነፋስ የሚባል ወራሪ እንዳይገባ ሌሊት 11 ሰዓት ጀምሮ ዘብ ይቆማሉ። እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ሜዳ ሲደረስ ውጩ ውርጭ፣ ውስጡ የ60 ሰው ትንፋሽ ነውና መስታወቱ ላብ ያወርዳል። ሜዳው፣ ከብቱ፣ የድርቆሹ ክምር በአንድ ነጭ ግድግዳ ይጠቃለላል። ፀሐይ ወጥታ መስታወቱ ሲጠራ ደግሞ መጋረጃ ይሳባል። ፊቼ በወሬ ታልፋለች።

የዘበኞቹ ሙያ የሚለየው ግን ጎሐ ጽዮን ላይ ነው። ከዚያ እስከ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥምዝምዝ መንገድ፣ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ዝቅ ሲሉ የባሕር ወለል የነበረው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶው፣ ወንዙ አጠገብ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። ባሕሩ ድንጋይ ሆኖ 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ጠበቀን፤ አበባ የታተመበት መጋረጃ ቀደመው። ቁልቁለቱን ልብ የሚለው መንገደኛ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ፣ ታች የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጎኑ ተጨራምቶ ይገኛል።

ከዚያ ማስመለስ ይጀመራል። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «እየተጠማዘዝን ነው» ይላል፤ ዓይን የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ተተክሎ «ኧረ የት! ቆመናል» ይላል፤ በሁለቱ ሙግት ሆድ ይፈርዳል። መድኃኒቱ ራቅ ያለ ተራራ ማየትና ንጹሕ አየር ነው። ሁለቱም ከመስኮቱ ወዲያ ስለሆኑ የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ሎሚ ይሸተታል፣ ረዳቱ ፌስታል ያድላል። (ሁለት ተቀብለው አንዱን በአንዱ ውስጥ ያድርጉ፤ ነጠላው ታቹን ይቀደዳል።) ድልድዩ ጋ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው፤ የዘበኛው ግንባር ላብ ያንጠባጥባል፣ ጋቢው ግን አይወልቅም።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ፊቱ የነጣ ሕፃን የታቀፈች እናት «ትንሽ ብቻ ክፈቱልኝ» ብላ ስትለምን «ልጁን ብርድ ታስመቺዋለሽ» ብሎ መመለስ ጭካኔ ነው! የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው ሕመምተኛው ሲያስል በሚረጨው አየር ነው፤ ያ አየር የሚጠራቀመው ደግሞ እንዲህ በታሸገ መኪና ውስጥ ነው። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ መስኮት ጣት ያህል ቢከፈት አየሩ ይመላለሳል። ይህን ማንም ጤና ጣቢያ የረገጠ ሰው ሰምቷል። ሰምቶም ይዘጋል!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ደጀን ሊደረስ ዳገቱ ሲጋመስ ዘበኛው ራሱ ብድግ ይላል። መስኮቱን እስከ ጥግ ይከፍታል፤ የሞላውን ፌስታልና የተጨራመተውን ፕላስቲክ አከታትሎ ወደ ገደሉ ይወረውራል። በዚያች ቅጽበት ነፋስ ማንንም አይመታም። ከዚያ ጧ አድርጎ ዘግቶ፣ መጋረጃውን አስተካክሎ ይቀመጣል።