መርከበኛ እንቅልፍ ማጣትን አይለምድም
ወንድሜ "መርከበኛ እንቅልፍ ማጣቱን ይለምደዋል፣ አይጥ ላይ ተሞክሮ ተረጋግጧል" ያልከው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው ስለሚያምነው ነው ዝም ያላልኩት። አይጥ ላይ የታየው እንደውም ተቃራኒው ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጦቹን ከውሃ በላይ ባለ ዲስክ ላይ አድርገው፣ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ዲስኩን እያዞሩ ሲከለክሏቸው፣ አብዝተው እየበሉ እየከሱ ሄደው በሳምንታት ውስጥ ሞቱ፣ የለመደ የለም። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ደግሞ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንደ ሺፍት ሰራተኛ ዓይነት ፕሮግራም አይጦች ላይ ሞክረው ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርጉት የአንጎል ሴሎች ሲሞቱ አዩ፣ እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

ግን አይጥ ቀን ቀን እየቆራረጠች የምትተኛ እንስሳ ናት፣ ድካሟንም አትነግርህም፣ ከውጭ ታይቶ ነው የሚገመተው፣ ስለዚህ ውጤቱን ቀጥታ ሰው ላይ መለጠፍ አይቻልም። ሰው ላይ ግን በ2003 የወጣ ጥናት አለ፣ ለ14 ቀን በቀን 6 ሰዓት ወይ ከዛ በታች የተኙት ሰዎች ትኩረታቸው እየወረደ ሄደ፣ እነሱ ግን ብዙም አልታወቃቸውም። "ለመድኩት" የሚያስብለው ይሄ ነው።

በ2017 የአሜሪካ ባህር ኃይል ሁለት መርከቦች፣ ፊትዝጄራልድና ጆን ማኬይን፣ በሁለት ወር ልዩነት ከንግድ መርከብ ጋር ተጋጭተው 17 መርከበኞች ሞተዋል፣ በምርመራው ድካምም ተነስቷል። ከዛ በኋላ ነው የተረኞቹ ፕሮግራም ከሰውነት ሰዓት (ሰውነት በየቀኑ የሚተኛበትና የሚነቃበት ተፈጥሯዊ ዑደት) ጋር እንዲሄድ የታዘዘው።