እንኳን በደህና ገለል አላችሁ!

የጅማ የአምልኮ መሪዎቻችን አንድ የሚያኮራ ነገር ጀምረዋል። ለጊዜው ከመድረክ ገለል ይላሉ። አዲስ እይታ ፍለጋ ነው አሉ። ይበል ነው! ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ሙጭጭ በሚልበት ዘመን ማይክ በገዛ እጁ የሚያስረክብ ማግኘት ቀላል አይደለም። ርክክቡ ብዙ ጊዜ ከሁለት እሑድ ባያልፍም።

አወጣጣቸው ራሱ ያስቀናል። ድሮ ሰው ገለል ሲል ዝም ብሎ ይጠፋ ነበር። የኛዎቹ ጉባኤውን ሳይሰናበቱ አይሄዱም፤ ስንብቱም ከስብከቱ ይረዝማል። መጀመሪያ ለስለስ ያለ ኪቦርድ። ቀጥሎ "ጌታ የጥሞና ጊዜ ውሰድ ብሎኛል"። ከዚያ እንባ። ከዚያ የመጨረሻ መዝሙር። ከዚያ ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለው መዝሙር። ሰባኪው መጽሐፍ ቅዱሱን ይከፍታል፣ ሰዓቱን ያያል፣ መልሶ ይዘጋል።

ፎቶም አለ። ጅሬን ይወጡና አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ይቆማሉ፤ ፊት ወደ ከተማው፣ ጀርባ ወደ ካሜራው። የቦታው ምርጫ ግሩም ነው። ንጉሡ አባ ጅፋር እንደ ፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ፣ ለአዲስ እይታ ብለው ዙፋናቸውን ለቀቁ ሲባል አልሰማንም። ቤታቸው ኮረብታ ላይ ስለሆነ ይሆናል፣ ሁሉም ከላይ ይታያቸው ነበር። የኛ መሪዎች ግን ወርደው ለማየት ቆረጡ።

አንዳንድ ነገረኞች እዚህ ጋ አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25ን ይመዛሉ። በዳዊት ዘመን 288 ዘማሪዎች ነበሩ፣ ተራቸውም ለ24 ምድብ በዕጣ ወጣ፣ ታናሽ ከታላቅ፣ አስተማሪ ከተማሪ አልተለየም ይላሉ። ተራው ያለቀ ወርዶ ይሄዳል፣ በቃ። እነዚህ ሰዎች የዘመኑ አገልግሎት አልገባቸውም። በዕጣ ወጥቶ በዕጣ ለሚወርድ ዘማሪ ማን ፖስተር ይሠራለታል?

ለምሳሌ አንዱን ወንድማችንን ላንሳ፤ ስሙ ይቆየን። ገለል አለና የት ተቀመጠ? ፊተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር፣ ከማይኩ ሁለት እርምጃ። ጥሞናውን ሁላችንም ቁጭ ብለን አየንለት። ተተኪው ልጅ ሲዘምር የወንድማችን ከንፈር ግማሽ ስንኝ ይቀድመዋል። ጫማው ምት ይመታል። ደግሞ ለኪቦርዲስቱ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስርለታል፤ "ትራንስፖዝ፣ ቃናውን አንድ ከፍ" ማለት ነው። ኪቦርዲስቱ ከፍ ያደርጋል። የልጁ የአንገት ሥር ይገተራል። ኋላ ያለነው አፋችንን ዘግተን ወደ ጭብጨባ እንገባለን። እዚያ ላይ የሚደርስ ጉሮሮ እኛ ሰፈር የለማ።

የኋላው ወንበር እኮ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እስካሁን አንድም እይታ ፈላጊ ግን ዝር አላለበትም። ባይመጡም ይሻላቸዋል። በክረምት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኛ ጋ የሚደርሰው ቤዙ ብቻ ነው፤ ቃሉን ከመሪው ከንፈር እንገምታለን። መድረክ ላይ ያለ ሰው ይሄ አይነካውም። እግሩ ሥር ሞኒተር አለለት። ሞኒተሩ የራሱን ድምፅ አጥርቶ መልሶ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ታማኝ ጓደኛ ያለው ሰው ጉባኤው ዘመረ አልዘመረ ምን አስጨነቀው?

አንድ እሑድ ታዲያ መዝሙሩ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ስፒከሩ ጭጭ። ተተኪው ልጅ ማይኩን ሁለቴ መታ መታ አደረገና ተወው። ከኋላ አንዲት እናት አዝማቹን በኦሮምኛ አነሱት፣ ቀስ ብለው፣ ለጉሮሯቸው በሚመች ድምፅ። ጎረቤታቸው በአማርኛ ተቀበሏቸው። ወዲያው አዳራሹ በሁለት ቋንቋ ሞላ፤ ከልጅ እስከ አዋቂ አፉን ያልከፈተ አልነበረም። አዲስ እይታ የሚባል ነገር ካለ ያኔ በነጻ ይታደል ነበር።

ወንድማችን ግን ቦታው ላይ የለም። ጓሮ ወጥቶ የጄኔሬተሩን ገመድ እየሳበ ነው፤ ላቡ ጠብ እያለ። ለቤቱ ያለው ቅንዓት! ሦስተኛው አዝማች ላይ ተሳካለት። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ስፒከሩ ጮኸ፣ እናታችን ተቀመጡ። እጁን በመሐረብ እየጠረገ ሲገባ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አመሰገኑት። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ደረስክልን። ልንዘምር ነበር እኮ!"

በሳምንቱ ወንድማችን ወደ መድረኩ ተመለሰ። የጥሞናው ጊዜ ፍሬ አፍርቷል። ከታች ሆኖ ያየውን እንደሚመሰክር ሲናገር ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን። ስለ ስፒከሩ ይሆን? ስለ ትራንስፖዙ? "ቅዱሳን፣ ለካ መድረካችን በጣም ዝቅ ብሏል" አለ። ከፊተኛው ወንበር ሲታይ መሪው ከደረቱ በታች አይታይም። ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ማለት አለበት።

አሜን ተባለ። ኮሚቴ ተዋቀረ፣ መዋጮም ተጀመረ። ጅማ ደግሞ በእንጨት አትታማም።