ወንበር የሌለው ድግስ

አርብ ማታ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ናት። ኦሃዮ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ኮሌጅ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። "ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?" አለችኝ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አርብ ማታ በሦስት ሰዓት ለአጎቷ ደውላ ምን እየሠራህ ነው ካለች፣ እሷ ምንም እየሠራች አይደለም ማለት ነው።

ከጀርባዋ ሙዚቃ ይደልቃል። ከላይኛው ፎቅ ነው አለችኝ። የክፍል ጓደኛዋ ተኳኩላ ወጥታለች። ስትወጣ "አትመጪም?" ብላታለች። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ጥያቄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትጠይቃት። አሁን በሩን እየዘጋች ሆኗል።

"ሰው ሁሉ 'አር ዩ ኦኬይ?' ይለኛል። ደህና ነኝ እኮ። ዝም ነው ያልኩት" አለች።

እኔ ሁለት ዓመት ስድስት ኪሎ ተምሬ፣ ዲቪ ሲደርሰኝ አቋርጬ የመጣሁ ሰው ነኝ። እዚህም ኮሌጅ ገብቻለሁ። የመጀመሪያውን ፓርቲዬን አልረሳውም። ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጡኝ፣ ኮካ ቀዳሁበት። ኩባያው ውስጡን አያሳይምና ምን እንደምጠጣ ማንም አላወቀብኝም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ መቀመጫ ፈለግኩ። የለም! ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሟል፣ ወንበሮቹ ተጠራርገው አንድ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። አንዱ መጥቶ "ሜጀርህ ምንድን ነው?" ይለኛል። መልሴን ሳልጨርስ ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ከዚያ ሌላው ይመጣል። ሜጀርህ ምንድን ነው?

ሀገር ቤት ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትሰማው "ቁጭ በል" ነው። እስክትቀመጥ ባለቤቶቹም አይቀመጡም። ከተቀመጥክ በኋላ ግን ዕዳህን ከፍለሃል። ብታወራ ታወራለህ፣ ባታወራ ወሬውን የሚይዝ ሰው አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሶ፣ ጥግ ይዞ፣ ቃል ሳይተነፍስ የሚሄድ ሰው አለ። "አይ ሰው! ሦስቱንም ቀን አልቀረም" ይባልለታል። ምን እንዳወራ የሚጠይቅ የለም። መገኘቱ በቃ። እዚህ ግን ሰው ቆሞ ነው የሚጫወተው። የተቀመጠ ዝምተኛ ጨዋ ነው፤ የቆመ ዝምተኛ ግን አንድ ችግር ያለበት ይመስላል።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ሕጉ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ18 ዓመትህ ትመርጣለህ፣ ወታደር ትሆናለህ። ቢራ ግን እስከ 21 መጠበቅ አለብህ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዕድሜውን 21 ያላደረገ ስቴት ከፌዴራል መንግሥት ከሚያገኘው የመንገድ ገንዘብ ይቀነስበታል ስላለ፣ ስቴቶቹ አንድ በአንድ ተስማሙ። ልጆቹ ግን መጠጣቱን አልተዉም። በግልጽ የማይገዛው መጠጥ ምድር ቤትና ዶርም ውስጥ ገባ። እናም አዲስ ተማሪ የሚተዋወቅበት ማታ ከተዘጋ በር ጀርባ ሆነ። ለመግባት ውስጥ ያለ ሰው ማወቅ አለብህ። ሰው ለማወቅ ደግሞ መግባት አለብህ። (ሀገር ቤትም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ከልክሏል። የእኛ መተዋወቂያ ግን ያኔም ሻይ ነበር፤ ለሻይ መታወቂያ አይጠየቅም።)

የግሪክ ፊደል በራቸው ላይ የለጠፉትን ማኅበሮችም ነገረችኝ። ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ ይሏቸዋል። ወንድምነትና እህትነት ማለት ነው፣ የአባልነት ክፍያ ያለው። የሚገርመው የመጀመሪያው የግሪክ ፊደል ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1776 ቨርጂንያ ውስጥ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ የተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ፣ ተማሪዎች ተሰብስበው የሚከራከሩበት ነበር። ዛሬም የጎበዝ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ነው። ነገሩን የጀመሩት ቀለሜዎች ናቸው ማለት ነው። ይህን ስነግራት "ታዲያ የእነሱ ቤት የት ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

"የሀበሻ ተማሪዎች ማኅበርስ?" አልኳት። አለ። ሄዳለችም። እዚያ ደግሞ ሌላ ፈተና ጠበቃት። መሀል አስገብተው "እስክስታ!" አሏት። በአሥራ አራት ዓመቷ የመጣች፣ አማርኛዋ ከእነሱ የተሻለ ልጅ፣ ትከሻዋ ስላልተንቀጠቀጠ ብቻ "ፈረንጅ ሆነሻል" ተባለች።

ስድስት ኪሎ እያለሁ ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። የተመደብነው በስም ፊደል ተራ ስለነበር ሁለቱ ስማቸው አንድ ነው፤ ቁመት እየጨመርን ነበር የምንጠራቸው። ከመካከላችን አንዱ ከጎጃም ገጠር የመጣ፣ በቀን አሥር ቃል የማይሞላ ልጅ ነው። ቅጽል ስሙ "አባ" ነበር። ለበሩ ቁልፍ ስንገዛ ከጓጉንቸሩ ጋር ሦስት ቁልፍ መጣ። ሁለቱ በወሩ ጠፉ። ሦስተኛውን አባ እንዲይዘው ተስማማን፣ እሱ የት እንደሚገኝ ሁሌም ስለሚታወቅ። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሌም አንድ ቦታ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ። ከዚያ በኋላ ዶርም መግባት የፈለገ ሁሉ አባ ጋ ይሄዳል። ቁልፍ ሊወስድ የሄደ አጠገቡ አረፍ ይላል። ኖት ይለምነዋል። ከኪስ የሚበልጥ ገንዘብ ከቤት ሲላክልን እሱ ጋ እናስቀምጥ ጀመር። ፈተና ሲደርስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚቀሰቅሰን እሱ ነው። ፓርቲ ሄዶ አያውቅም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ግቢው ውስጥ አባን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር።

የሀገር ቤቱን አሳመርኩት መሰለኝ። ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ማለት ብቻህን ማልቀሻ እንኳ የለህም ማለት ነው። ዝም ያለች ሴት ልጅ ወዲያው "ተኮፈሰች" ትባላለች፣ ዝም ያለ ወንድ "ውስጠ ወይራ"። ፓርቲ የለም ብንልም ከግቢው በር ላይ ጫት ቤት ነበር። ከሚቅሙት ጋር ካልተቀመጥክ ከጥናት ቡድኑም ትወጣለህ። ዛሬ ደግሞ "ከየት ነው የመጣኸው?" የሚለው ጥያቄ "ሜጀርህ ምንድን ነው?" ከሚለው እጅግ ይከብዳል። እዚህ የእህቴን ልጅ ዝም ስላለች የሚነካት የለም። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ምን ልምከራት? "ውጪ፣ ተጫወቺ" ማለት ለእግረኛ "ብረር" እንደማለት ነው። የአባን ታሪክ ነገርኳት። "ጋሼ፣ እዚህ በሩ በካርድ ነው የሚከፈተው" አለችኝና ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ ሁለት አርብ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ደወለች። ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛው ፎቅ መስኮቱ አጠገብ ሁሌም የምትቀመጥበት ቦታ አላት። ከፊት ለፊቷ አንዲት የኔፓል ልጅ ትቀመጣለች። ሳምንታት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። የዚያን ዕለት ልጅቷ ተነሥታ "ዕቃዬን ታይልኛለሽ?" አለቻት። ይህ የአሜሪካኖች ልማድ ዛሬም ይገርመኛል። ስሙን የማያውቁትን ሰው በሺህ ዶላር ላፕቶፕ ያምኑታል።

"ሃያ ደቂቃ ቆየች" አለችኝ የእህቴ ልጅ። "ሽንቴ መጥቶ ነበር እኮ። ግን እንዴት ብዬ ልነሣ?"

"ስትመለስ ምን አለችሽ?"

"ምንም። 'ታንክ ዩ' አለችና ቁጭ አለች። ከዚያ አብረን ዝም አልን።"

ድምፅዋ ግን የዚያ አርብ ማታ ድምፅ አልነበረም።

ባለፈው አርብ እኔ ደወልኩላት። አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ፣ አሁንም የለችም። እናቷ ጋ ልደውል አልደውል ስል ቆየሁ። እኩለ ሌሊት ላይ መልእክት ገባልኝ። "ጋሼ ይቅርታ፣ ዕቃ እየጠበቅኩ ነበር።"