ይድረስ ለክቡር «ታስረህ ታውቃለህ ወይ»፣ ቪዛ ፎርም ውስጥ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ ካንተ ሐሳብ በቀር ከነቤተሰቤ ከነከብቶቼ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። አሜሪካ ያለው ልጄ ለልጅ ልጄ ክርስትና ና ብሎኝ ደብረ ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት ዲኤስ 160 የሚሉትን ፎርም ሳስሞላ ነው የተዋወቅነው፣ ታስታውስ እንደሆን።

ታስሬ አውቃለሁ አዎ። በጤፍ ማሳ ድንበር ከጎረቤቴ ጋር ዱላ ተማዘን አርብ ማታ ፖሊስ ሁለታችንንም ወስዶ አሳደረን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የታሰረ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ እኛ ጋ ግን ሽማግሌ ዳኛውን ቀደመው፣ ቅዳሜ በዋስ አስወጡንና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይቅር ለእግዜር ተባባልን፣ ጠላ ተጠጣ፣ አለቀ። ሰውየው ዛሬ አበልጄ ነው በማርያም!

አንተ ግን ምሕረት ቢደረግልህም ይቅርታ ብታገኝም ጻፍ ትላለህ። ምነው ጌታው፣ የነፍስ አባቴ እንኳ ንስሐ ሰጥተው የዘጉትን መልሰው አያነሱብኝም።

የሚገርመኝ ደሞ ሳይፈረድብህ መታሰር ብቻውን ቪዛ አያስከለክልም፣ ተፈርዶብህም ቢሆን ጥፋቱ አንድ ብቻ ሆኖ ሕጉ ላይ ያለው ትልቁ ቅጣት ከ1 ዓመት ካልበለጠና አንተ ላይ የተፈረደው ከ6 ወር ካላለፈ የሚታለፍበት መንገድ አለ። ይቺን አጠገብህ ብትጽፋት ምን ነበረበት? የሚሞላልኝ ልጅ ስላላወቀ «አባባ ኖ ብለን እንለፈው» አለኝ እኮ! ዱላው ያልከለከለኝን አሜሪካ ውሸቱ ዕድሜ ልኬን ሊከለክለኝ። የስ በልልኝ አልኩት።

የስ ሲል ታች ሳጥን ተከፈተ፣ አብራራ ይላል፣ ኢንተርቪው ላይ ደሞ የፍርድ ቤት ወረቀት ይጠየቃሉ አሉኝ። የምን ፍርድ ቤት? የምን መዝገብ? የኔ መዝገብ ሦስት ሽማግሌ ነበር፣ ሁለቱ አርፈዋል፣ የቀሩት ጆሯቸው ደክሟል፣ ማኅተም የላቸው፣ ቲተር የላቸው። ወይስ አበልጄን ይዤው አባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ አበባ ድረስ ልምጣና ኤምባሲው መስኮት ላይ «ይኸው የደበደብኩት፣ በልቶ ጠጥቶ ደህና ነው» ልበል? የማመልከቻው 185 ዶላር እንደሆን ቢከለክሉኝም አይመለስ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ (ጣቢያ ምሳ ያመላለሰች ስለሆነች ለምስክርነት)
«ሌላ ስም ተጠቅመህ ታውቃለህ» ለሚለው ጥያቄ፣ የክርስትና ስሜን ፈልገህ ከሆነ ቄሱን አስፈቅጄ እመለሳለሁ።