ትራክተር ሲገለበጥ መዝለል አያድንም

«ትራክተር መገልበጥ ሲጀምር ዘሎ መውረድ ያድናል፤ ቀበቶ ግን ወጥመድ ነው» ሲሉ እርስዎ የጻፉትን፣ ከባሕር ዳር እስከ ፎገራ ሜዳ ብዙ ኦፕሬተሮች የሚያምኑበት ስለሆነ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። የፊት ጎማው ተነሥቶ ትራክተሩ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ነገሩ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ፣ ሰው አደጋውን ተረድቶ ከመቀመጫው ለመነሣት እንኳ ፋታ አያገኝም። ወደ ጎን ሲጋደልም የዘለለ ሰው በቀላሉ ማሽኑ በሚያርፍበት በኩል ይወድቃል። እኔ ራሴ በጣና ዳር፣ ውኃው በሸሸበት ጥቁር አፈር ላይ ሳርስ፣ የቀኙ የኋላ ጎማ የቦዩን አፋፍ ንዶ ሰመጠ፤ መሪውን አጥብቄ ይዤ ቀረሁ እንጂ ብዘል ኖሮ የምወድቀው ቦዩ ውስጥ፣ ከጎማው ሥር ነበር።

ስለ ቀበቶ የሰሙት ግን ግማሽ እውነት አለው፦ የመገልበጥ መከላከያ ፍሬም (ትራክተሩ ሲገለበጥ ነጂው እንዳይጨፈለቅ የሚከልል የብረት ማዕቀፍ) ወይም ጠንካራ ጋቢና በሌለው አሮጌ ትራክተር ላይ ቀበቶ አይታሰርም፤ ፍሬሙ ካለ ግን ነጂውን ፍሬሙ በሚከልለው ቦታ የሚያቆየው ቀበቶው ነው። ስዊድን ፍሬሙን በአዲስ ትራክተሮች ላይ በ1959 እ.ኤ.አ. ግዴታ ካደረገች በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው በእጅጉ ቀንሷል። ጭቃ ሲይዝዎም ግንድ ከኋላ ጎማ ጋር አስረው ወደ ፊት አይሞክሩ፤ ጎማው መዞር ሲያቅተው የትራክተሩ አካል ራሱ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣልና፣ በኋላ ማርሽ ቀስ ብለው ይውጡ።