አንጀት አይታጠብም

የሆድ ማጽጃ ገበያው ደርቷል። ቲክቶክ ላይ አንዷ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ «አንጀቴን ጥርግ አደረገልኝ» ትላለች። ሌላው ምንነቱ ያልታወቀ የቅጠል ዱቄት በላስቲክ አሽጎ ጋዝ፣ ድርቀትና ቦርጭ በሳምንት ውስጥ ደህና ሰንብት ይላል። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ወዳሉት ፋርማሲዎች ጎራ ካላችሁ ደግሞ ከውጭ የመጣ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም «ጥሩ» የሚባል ሕያው ባክቴሪያ የያዘ እንክብል፣ አይጠፋም። ዋጋውን ስትሰሙ ጤነኛ የነበረውም ሆድ ይቆርጣል።

የሻጮቹ ወሬ አንድ ዓይነት ነው። የአንጀታችሁ ባክቴሪያ ሚዛኑን ስቷል፣ እኛ እንመልስላችኋለን ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰውነታችን ውስጥ በግምት 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛው ያለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የአትክልት አሰር የሚያብላሉልን እነሱ ናቸው። ከዚያ የሚወጣው ቡቲሬት የሚባል አሲድ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግብ ነው። ቦታውን ስለያዙትም ጎጂ ተሕዋስያን በቀላሉ አይሰፍሩም። ሲመናመኑ መነፋቱም ተቅማጡም ሊከተል ይችላል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን «ማን አዛባው?» ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

በዚህ ከተማ መልሱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ትንሽ ትኩሳትና ቁርጠት ይዟችሁ መሃል ከተማ ካሉት ክሊኒኮች አንዱ ጋ ግቡ። ደም ትሰጣላችሁ፣ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ ወረቀቱ ይመጣል። ታይፎይድና ታይፈስ። ሁለቱም በአንድ ላይ! ቢሮ ተመልሳችሁ ስታወሩ «እኔንም ባለፈው ወር ይዞኝ ነበር» የሚላችሁ አታጡም። በጎን ደግሞ «እኔ በዓመት ሦስት አራቴ ይመላለስብኛል» የሚል ይገኛል።

ነገሩ ያለው ምርመራው ላይ ነው። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ በሽታው ካለፈ በኋላም ይቆያል። ከሌሎች ተቀራራቢ ተሕዋስያን ጋር በመገናኘትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በሽታው በተለመደበት አገር ጤነኛ ሰው ተመርምሮም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፊሊክስም ችግሩ ያው ነው። ታይፎይድን በደንብ የሚያረጋግጠው ከደሙ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ግን ቀናት ይወስዳል፣ የትም ክሊኒክ አይገኝም። ታካሚውም መጠበቅ አይወድም። ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ አንቲባዮቲኮችን ይዞ ይወጣል። ሰንበት ብሎ ሆዱን ሲያመው ሜትሮኒዳዞል የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ይታከልበታል። ካልታዘዘለትም ራሱ ይገዛዋል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ሕግ አለ፤ መስኮቱ ላይ ግን «አሞክሲሊን ስጠኝ» ማለት ብቻውን የሚበቃበት ፋርማሲ ሞልቷል።

ዕዳውን የሚከፍለው አንጀታችን ነው። አንቲባዮቲክ ወዳጅ ባክቴሪያን ከጠላት አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ላይ 12 ጤነኛ ወንዶች ለ4 ቀን ጠንካራ አንቲባዮቲኮችን ወሰዱ። የአንጀታቸው ባክቴሪያ በአብዛኛው የተመለሰው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ነው። ከስድስት ወር በኋላም ያልተመለሱ ዝርያዎች ነበሩ። ይሄ እንግዲህ አንድ ዙር ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ «ታይፎይድ» የሚታከመውን ሰው አንጀት አስቡት።

«ታዲያ ፕሮባዮቲክ እንውሰዳ!» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሐሳብ እሱ ነበር። በዚያው በ2018 የወጣ የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ጥናት ግን የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ። ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ የተመለሰው ምንም ካልወሰዱት ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 ባወጣው መመሪያ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ለአብዛኛው የሆድ ሕመም ፕሮባዮቲክን የሚያስመክር በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ለሚገዛ ሰው ይሄ ሊነገረው ይገባል።

ይህን አንብቦ «አንቲባዮቲክ በቃኝ» የሚል እንዳይኖር ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጨጓራችንን የሚያቆስለው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በእርጎም በተልባም አይጠፋም። የጨጓራ ቁስለት መነሻው ጭንቀትና በርበሬ ነው ሲባል በነበረበት ዘመን አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አስቆጣ። እሱና ባልደረባው ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ግኝት ነው። ባክቴሪያው የጨጓራ ካንሰርንም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከተገኘባችሁ የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ጨርሱ። በሦስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ትርፉ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው። መጥፋቱን ለማወቅ ደግሞ በሰገራ ተመርመሩ፤ የደሙ ምርመራ ከዳናችሁ በኋላም «አለ» ሊል ይችላል።

የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን እንደ ከረሜላ የሚውጡም አሉ። ቁርጥ ሊበሉ ሲሉ አንድ፣ ቢራ ሊጠጡ ሲሉ አንድ። የጨጓራ አሲድ ከምግብ ጋር የሚገባውን ተሕዋስ የሚገታ የመጀመሪያ በር ነው። ያለ ሐኪም ምክር ለወራት ሲዘጋ የአንጀት ባክቴሪያም ይለወጣል።

ወደ ምግቡ ልምጣ። «እንጀራ የቦካ ስለሆነ ፕሮባዮቲክ ነው» የሚል ፖስት በየጊዜው ይዞራል። ኧረ አይደለም! ሊጡ ውስጥ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ሞልቷል፣ እውነት ነው። ምጣዱ ላይ ግን ያ ሁሉ ያልቃል። የእንጀራ ውለታ ሌላ ቦታ ነው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰሩ አይጣልም። መቦካቱም ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ያን አሰር ከሽሮው፣ ከምስሩና ከጎመኑ ጋር ስንበላው ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይበሉታል። «ሽሮ ይነፋኛል» የምትሉም ሰዎች፣ ጋዙ እነሱ ሥራ ላይ መሆናቸውን የሚያሳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ፓስታና ዳቦ ላይ የኖረ ሆድ በአንድ ጊዜ ባቄላ ሲገባበት ይጮሃል፤ በጥቂት ጥቂቱ ማስለመድ ነው። ሆዱ በቀላሉ የሚቆጣ ሰው ደግሞ ወጡ ላይ ሽንኩርቱን ቀነስ ቢያደርግ ይቀልለዋል። ወጣችን ያለ ሽንኩርት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ።

ከነሕይወቱ የሚበላው እርጎና ስልጆ ነው። በ2021 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት 36 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለ10 ሳምንት ተከታተለ። እርጎን የመሳሰሉ የፈሉ ምግቦችን በየቀኑ የበሉት የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነቱ ጨመረ፣ የብግነት ምልክቶችም ቀነሱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ጥሩ ነው። የእኛ እርጎ ላይ ያለኝ ስጋት ወተቱ ነው። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ብሩሴላ የሚባለውን የከብት ባክቴሪያና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማሳደር ነው። ከሱቅ የምትገዙት ከሆነ ስኳሩን እዩት። ሱፍና ባቄላ በሰናፍጭ ተለውሶ የሚቦካው ስልጆ ደግሞ ለጾመኛ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ካዛንቺስና ቦሌ መንገድ ባሉ ካፌዎች ግን «የጾም» ስትሉ የሚመጣው ችፕስ፣ የጾም ፒዛና ለስላሳ ሆኗል። 55 ቀን ዐቢይ ጾምን በነጭ ዱቄትና በዘይት ጨርሶ «ጾም ጨጓራዬን ጎዳኝ» ማለት ለጾሙ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቅጠላ ቅጠሉን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን ይገድላሉ ብለን ከሆነ የምንጠጣቸው፣ ጥሩውን ባክቴሪያ ማን ተዉት አላቸው? ተልባ የተለየ ነው፤ ውሃ የሚይዝ አሰር ስላለው ለድርቀት ይረዳል፣ በቂ ውሃ ከጠጣችሁበት። ኮሶ ግን የኮሶ ትል መድኃኒት እንጂ ሆድ ማጠቢያ አይደለም። መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን ይጎዳል። ዛሬ ለኮሶ ትል አንድ ጊዜ የሚወሰድ ፍሬ እያለ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ያንን መጠጣት ምን አመጣው?

በሚቀጥለው ጊዜ «ታይፎይድ ታይፈስ» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ ትኩሳቱ ስንት እንደሆነና ስንት ቀን እንደቆየ፣ ካልቸርም መሥራት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም። ሰገራው ላይ ደም የሚያይ፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የሆድ አመሉ ድንገት የተለወጠ ሰው ግን እርጎም ሳይሞክር፣ የቲክቶክ ዱቄትም ሳይገዛ ቶሎ ይመርመር፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ጨጓራን ወይም ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያየው ኢንዶስኮፒ ወይም ኮሎኖስኮፒ ነው።